በማይክ ሁዳክ ስም

ያኪማ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1958

ለቨርና ሁዳክ፣ ኮልተን

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አጎቴ» ብለሽ መጻፍሽን አልጠላሁትም። የሥጋ ዝምድና ባይኖረንም አባትሽና እኔ ሜርተን ውስጥ በአንድ የበረዶ ጋሪ የኖርን ሰዎች ነን። የቤዝቦል ወቅት ሲዘጋና ወንዙ ሲጋገር ከሱ ጋር ለሽያጭ በረዶ እየቆረጥኩ ነበር የማሳልፈው። እኔ ደህና ነኝ። ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም፣ እሱም ሠላሳ ሰባት ዓመት ስላመመኝ እንደ በሽታ አልቆጥረውም።

የአባትሽ ነገር አሳዘነኝ። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ማለቱን ሳነብ ቆሜ ነበር። አንደበቱ ተያዘ የሚለው ላይ ስደርስ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማይክ ሁዳክ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።

ኤልሲን ጠይቀሻል። ከሞተች አራት ዓመት አለፋት። ልጅ አልነበረንም። የምኖረው እዚሁ የፖም እርሻ ውስጥ ነው፣ ብቻዬን፣ ማንም ሳያዝዘኝ።

ምስክርነት ጻፍልኝ ያልሽውን አልጽፍም። የከተማው ሹማምንት የፉትቦል ሜዳውን በአባትሽ ስም ሊጠሩት ካሰቡ ይጥሩት። አብሮት የነበረ ሰው ፊርማ ያስፈልጋል ካሉሽ ግን ሌላ ፈልጊ። እኔ የቤዝቦል ሰው ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ኳስ ቀልቤአለሁ፤ ጣቶቼ ዛሬ የደረቀ ዝንጅብል ነው የሚመስሉት፣ ይሄን እርሳስ የያዝኩትም በመከራ ነው። ደግሞስ የኔ ፊርማ ለማን ይረባል? ሜርተን ሄደሽ ኦቶ ብሬመር ማን ነው ብትዪ፣ «ያ ሰክሮ ከበረዶ ማከማቻው ጣሪያ የወደቀው» ነው የሚሉሽ። ሌላ ስም የለኝም እዚያ። የሰካራም ፊርማ ለአባትሽ ክብር አይሆንም።

ሰላም በዪልኝ።

ኦቶ ብሬመር


ያኪማ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1958

ለቨርና

የፊተኛው ደብዳቤዬ ሸካራ ነበር ብለሻል። ልክ ነሽ። ይቅርታ ማለት አልተማርኩም፤ ኤልሲ በሕይወት ሳለች እሷ ነበረች በኔ ፈንታ ሰው ቤት እየሄደች ይቅርታ የምትጠይቀው።

አሁን ከጻፍሽው ውስጥ ግን አንድ መስመር አለ። ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። «አባቴ አንደበቱ ሳይያዝ እርስዎን ባነሳ ቁጥር፣ እንደ ኦቶ ያለ ቀላቢ አልነበረም፣ ምን ይሆናል መጠጥ ጣለው፣ ይል ነበር» ብለሻል። እኔን ለማባበል ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ ገብቶኛል። ማይክ ይሄን አለ? በገዛ አፉ? ለገዛ ልጁ?

እንግዲያው ስሚኝ።

በ1920 እና በ1921 ኮልተን ውስጥ ማይክ ሁዳክ ተብሎ ፉትቦል የተጫወተው እኔ ነኝ። አባትሽ ኳስ በብብቱ ይዞ አንድ እርምጃ ሮጦ አያውቅም። ይሄው፣ ወጣልኝ።

የሜርተን ቤዝቦል ቡድን ባለቤት አቶ ፔንሮዝ ውላችን ላይ አስጽፎ ነበር። ፉትቦል የተጫወተ፣ ትግል የገጠመ፣ ፈረስ የጋለበ ይባረራል የሚል። እኛ ለሱ የጭነት በቅሎ ነበርን፣ እግራችን እንዳይሰበር ነው። እኔ ቤዝቦልን እወድ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ግን ቀላቢ ማለት ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ወርዋሪው እስኪወረውር ትጠብቂያለሽ፣ መቺው እስኪስት ትጠብቂያለሽ። ሰው አንዳንዴ ብድግ ብሎ መሮጥ አያምረውም?

አንድ ቀን ጋሪው ላይ እንዳለን፣

«ማይክ፣ ስምህን አውሰኝ» አልኩት።

«ምን ልትሠራበት?»

«ኮልተን ፉትቦል ልጫወትበት።»

«ሳይቀደድ ትመልስልኛለህ?» አለኝ። ይሄው ነው ውላችን። እጅ እንኳ አልተጨባበጥንም፤ እጃችን በበረዶ ደንዝዞ ነበር።

ያኔ ነውር እንዳይመስልሽ። ከአሥራ አንዳችን ስድስታችን በተውሶ ስም ነበርን። አንዱ የኮሌጅ ተማሪ፣ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ የአክስቱን ባል ስም ይዞ የሚጫወት። አሰልጣኙ አይጠይቅም። የቆዳ ቆብ እናጠልቃለን፣ አፍንጫችን ላይ በጥርስ የሚነከስ የጎማ መከለያ እናስራለን፣ ከዚያ በኋላ ጭቃው ይጨርሰዋል። ወላጅ እናት ብትመጣ አትለየንም። ኮልተን ከሜርተን ሰባ ማይል ነው፤ ቅዳሜ በባቡር እሄዳለሁ፣ ሰኞ ጠዋት በወተት ባቡር እመለሳለሁ።

ፍርዴ እንዳይዛባ የአባትሽንም መከራ ልንገርሽ። ስሙን ያዋሰ ሰው ራሱ መጥፋት ነበረበት። የሰኞ ጋዜጣ «ሁዳክ ኮልተን ላይ እንዲህ አደረገ» ብሎ ሲወጣ፣ ያው ሁዳክ እሑድ ሜርተን ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድስ ከታየ አለቀልን። ስለዚህ ሁለት መከር ሙሉ እሑድ እሑድ የቤታቸው የከሰል ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ይውል ነበር። አያትሽ ልጄ እምነቱን ካደ ብለው አለቀሱ። ቄሱ ከመድረክ ላይ ስሙን ሳይጠሩ ሰደቡት። የእናትሽ አባት ደግሞ፣ «እሑድ በመጣ ቁጥር የሚሰወር ወንድ ሌላ ቦታ ሚስት አለችው» ብሎ ልጄን አልሰጥም አለ። አባትሽ እናትሽን አናን ሳያገባ ሁለት ዓመት የቆየው በኔ ነው። አንድ ቀን ቢብሰው ጊዜ፣ «ኦቶ፣ አንተ በኔ ስም ትሮጣለህ፣ እኔ በራሴ ስም ከሰል እቆጥራለሁ» አለኝ። ስቄበት ነበር።

በ1921 ኖቬምበር የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ መጡብኝ። የጉልበቴን ድምፅ እኔ ራሴ ሰማሁት። በዚያው ሳምንት ከቤዝቦሉ ትልቁ ሊግ ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር፣ በጸደይ ና የሚል። ገና ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማይክ ጋሪውን ይዞ ጣቢያ ጠበቀኝ። ሲያየኝ ከመቀመጫው ሥር ጠርሙስ አወጣ። መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ዘመን ነው፣ ከየት እንዳመጣው ዛሬም አላውቅም። ካፖርቴ ላይ ገለበጠው።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ዝም በል። ሰክረህ ከጣሪያ ወደቅህ። ሰካራም አንድ ወቅት ያፍራል፣ ይታረቃል። ውል ያፈረሰ ግን ሁለተኛ ቤዝቦል አይነካም። እኔም አብሬህ ነኝ የምወድቅ።»

እውነቱን ነበር። ጋሪው ላይ ጫነኝ። አባቴ የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር፤ አልኮል በአፌ እንዳይዞር ገና በአሥራ ሁለት ዓመቴ ፊቱ ቆሜ ምያለሁ፣ መሐላዬንም እስከ ዛሬ አልሰበርኩም። «ጠጥተሃል?» ብሎ አባቴ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ጉልበቴ አልዳነም፣ ፔንሮዝ በስካር አባረረኝ፣ ጸደዩም አለፈ። አባቴ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። እኔ ወደ ምዕራብ መጣሁ።

ይሄን የጻፍኩልሽ ሜዳውን ከአባትሽ ለመንጠቅ አይደለም። ሰካራም አልነበርኩም። አንድ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው።

ኦቶ ብሬመር


ኮልተን፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1958

ለአጎቴ ኦቶ

ደብዳቤዎን አንብቤ መጀመሪያ ተቆጣሁ። እውነቱን ልነግርዎት ይገባኛል፤ «ይሄ ሽማግሌ ቀንቶ ነው» አልኩ። ከዚያ ለእናቴ አነበብኩላት። የያዘችውን ሹራብ አስቀመጠች። «የከሰል ጓዳውን ጽፎታል?» አለችኝ። ጽፏል አልኳት። «እንግዲያው ሁሉም እውነት ነው» አለች።

እርስዎ የማያውቁትን እኔም የማላውቀውን እሷ ነገረችኝ። በ1933 እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እሷና አባቴ እዚህ ኮልተን ሥራ ፍለጋ መጡ። የብረት ፋብሪካው በር ላይ አምስት መቶ ሰው ተሰልፏል። አሠሪው ስም ሲመዘግብ አባቴ ጋ ደርሶ ቀና አለ። «ሁዳክ? ያ ሯጩ ሁዳክ?» እናቴ ከኋላው ነበረች፣ እኔን አቅፋ። አሠሪው «አንተ ነህ ወይ?» ብሎ ደገመ። አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ አየ፣ ከዚያ «ነኝ» አለ። በዚያው ቀን ገባ። ከዚያ በኋላ ማን ያስተካክለዋል? አንድ ጊዜ ነኝ ካሉ በኋላ በየዓመቱ ነኝ ማለት ነው። እርስዎንም ሰካራም ማለቱ ያንኑ ለመደገፍ ነበር መሰለኝ። ስለዚያ እኔ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ለአባቴም አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ስጨርስ ደህና በሆነው እጁ ወረቀቱን ወስዶ ደረቱ ላይ አኖረው፣ እስኪመሽ አልመለሰልኝም።

በዓሉ ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ ነው። የፋብሪካው ማኅበር ሌላ ሰው አግኝቶ አስፈርሟል፤ ምን እንዳየ ባላውቅም «በዓይኔ አይቻለሁ» ብሏል። ሄጄ እውነቱን ልናገር? እርስዎ ይዘዙኝ፣ ያሉኝን አደርጋለሁ። አባቴ ግን ይህን የብርድ ወቅት የሚያልፍ አይመስለኝም፤ እናቴም ከቤት መውጣት ፈርታለች።

ቨርና


ያኪማ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1958

ለቨርና

አትናገሪ።

ቸር ሰው ነው ብለሽ ደግሞ እንዳትጽፊልኝ። ቸርነት አይደለም። መጀመሪያ ሜዳው የላም ግጦሽ ቢሆን ግድ የለኝም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ውሸት ነው፣ ግድ ይለኛል። እዚያ ጭቃ ውስጥ የቀረው የኔ ጉልበት ነው። ግን ደክሞኛል ልጄ። ዛሬ ኮልተን ቆሜ «እኔ ነበርኩ» ብል የሚያምነኝን አስቢው፤ ከዚያ አናን ገበያ ላይ የሚያዩበትን ዓይን አስቢው። አምስት መቶ ሰው መካከል ቆሜ ልጄን ታቅፋ ሚስቴ ከኋላዬ ብትሆን እኔም «ነኝ» እል ነበር። ይህን ለአባትሽ ንገሪው። ካፖርቴ ላይ ስለ ገለበጠው አልተቀየምኩትም፣ መጠጥ ጣለው ማለቱን ግን ተቀይሜዋለሁ። ሁለቱንም ንገሪው።

ልታዘዝ ካልሽ አንድ ነገር አለኝ። ሜርተን ውስጥ እህት አለችኝ፣ ሁልዳ ብሬመር። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የአባታችን ቤት ውስጥ ነው የምትኖር። አባታችን ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም። በየገናው እጽፍላታለሁ፣ በየጃንዋሪው ሳይከፈት ይመለስልኛል። የኤልሲን ሞት እንኳ አልከፈተችውም። የተረፈኝ ዘመድ እሷ ብቻ ናት። የሰካራም ወንድም ይዛ ትሞታለች፣ እኔም የሰካራም ስም ይዤ እሞታለሁ።

ሄደሽ ንገሪያት። ስለ ሜዳው ኮልተን ምን እንዳለ አትንገሪያት፣ እሷ ኳስ አትወድም። ሰክሮ አልነበረም በያት። ይቺን ብቻ። እኔ ብመጣ በሩን አትከፍትም፣ ለእንግዳ ግን ትከፍት ይሆናል። ጨዋ ሴት ናት፣ ምላሷ ግን ይላጫል።

ኦቶ


ኮልተን፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1958

ለአጎቴ ኦቶ

አስቀድሜ የቅዳሜውን ልንገርዎት። አባቴን በተሽከርካሪ ወንበር ይዘነው ሄድን። የከተማው ከንቲባ ብዙ ተናገሩ። ሰሌዳው ተገለጠ፣ ስሙ ተጽፏል፣ ሰው አጨበጨበ። የክብር ሻሹን አንገቱ ላይ ሊያደርጉለት ሲጠጉ በደህናው እጁ ገፋው። ደግመው ሞከሩ፣ ደግሞ ገፋው። «ሕመሙ ነው» አሉ። እናቴ እጇን ትከሻው ላይ እንዳደረገች ቆመች። እኔ እንዳዘዙኝ ምንም አልተናገርኩም። መልእክትዎን ግን ዋዜማውን ነግሬው ነበር፣ ሁለቱንም። በሁለተኛው ላይ ራሱን ነቀነቀ፤ ይገባኛል ያለ ነው የመሰለኝ።

እሑድ ሜርተን ሄድኩ። እህትዎ በሩን ከፈቱት፣ ግን መዝጊያውን ይዘው ቆሙ።

«ምን ትሸጫለሽ?» አሉኝ።

«ምንም። ወንድምዎ ኦቶ ልኮኝ ነው።»

«ወንድም የለኝም» አሉ። ወደ እግሬ አይተው፣ «ጫማሽን ጥረጊ፣ ግቢ» አሉኝ።

ያስቀመጡኝ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ጠንካራ ወንበር ላይ ነው። ሻይ አልሰጡኝም። ያዘዙኝን ነገርኳቸው፤ ሰክሮ አልነበረም፣ ይህን ብቻ ንገሪያት ብሎኛል አልኩ።

ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አይልም። «ይሄን ልትነግሪኝ ሰባ ማይል መጣሽ? ያን ቀን ካፖርቱን ያወለቅኩለት እኔ ነኝ። ካፖርቱ ይሸታል፣ አፉ አይሸትም፤ ከሥሩ የነበረውም የኳስ ሜዳ ጭቃ ነው። ካፖርት ይጠጣል እንዴ?»

«ታዲያ ካወቁ ለምን ነው…?»

«ለምን አናገረውም ነው?» አሉኝ። ቀጥሎ ያሉትን ባቡር ውስጥ ሆኜ እንዳልረሳ ጽፌዋለሁ፣ እንዳለ እነሆ፦ «አባቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ እጁን ይዞ፣ ልጄ እውነት ጠጥተሃል? አለው። ቢፈልግ ኖሮ ያን ጊዜ ነበር። ዓይኑን እያየ አዎ አለው። ኳስ ተጫወትኩ ቢለው ይጮህበት ነበር፣ ከጮኸ በኋላ እራቱን ይበላ ነበር። አባቴ ያችን አዎ ሦስት ዓመት አኘካት። መድረክ ላይ ቆሞ ስለ መጠጥ መስበክ አቆመ፤ ልጄን ያላስተማርኩ ማንን ላስተምር አለ። እኔ አውቃለሁ፣ ግን ከኔ አፍ አይሰማም፣ የልጁን ቃል ነው ያመነው። አሁን ሰካራም አለመሆኑን እወቂልኝ ብሎ ላከሽ? ሁልጊዜ ስለ ራሱ ነው። ለአባቴ ማን ይምጣለት?»

ተነሣሁ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ያቺ ፖስታው ጀርባ ላይ ስሟ የነበረው ሚስቱ አለች?» ብለው ጠየቁኝ። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው አልኳቸው። ቆሙ። «አልነገረኝም» አሉ። ጽፎልዎት ነበር ልል ብዬ ተውኩት።

ይህን እንዳለ መጻፌ ያስቀይምዎት ይሆናል። ግን እርስዎም የኔን አባት አላድበሰበሱልኝም።

ቨርና


ያኪማ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1958

ለቨርና

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥር ቀን ሆነው። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ ብታመም ሰበብ ይሆነኝ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ተናደድኩ። ሁለተኛ ቀን ለሁልዳ በልቤ መልስ ስሰጣት ዋልኩ፣ ፖም ዛፎቹ ሁሉ ሰምተዋል። አባቴን የዋሸሁት ለማይክ ብዬ ነው፣ እላታለሁ። ሰባኪ ነውና እውነቱን ቢያውቅ ራሱ ሄዶ ለፔንሮዝ ይነግረው ነበር፣ እላታለሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይሄን ነው፣ ኤልሲም ስትጨቀጭቀኝ የምመልስላት ይሄንኑ ነበር። «አባትህ እኮ አይናገርም ነበር» ትለኝ ነበር። አባቴን አንድ ቀን አይታው የማታውቅ ሴት።

አራተኛው ቀን ላይ ደከመኝ። እውነቱ ይሄ ነው። ጉልበቴ እስከ ጸደይ ይድናል ብዬ ነበር። ሰካራም ይታረቃል፣ ውል ያፈረሰ አይታረቅም፣ ማይክ እንዳለው። ያ ከትልቁ ሊግ የመጣ ደብዳቤ ትራሴ ሥር ነበር፣ አባቴ እጄን ይዞ ሲጠይቀኝ። አባቴንና ጸደዩን አስተያየሁ፣ ጸደዩን መረጥኩ። ጸደዩ አልመጣም። አባቴን ደግሞ ሰጥቼዋለሁ፣ እንዴት ብዬ ልመልሰው? ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ስሜን አጠፋው እያልኩ ስናደድ ኖርኩ።

ሁልዳ ልክ ናት። ይሄን ለመጻፍ እርሳሱን ሁለት ጊዜ ቀርጬዋለሁ።

ፖስታ ልኬ ሳይከፈት እስኪመለስ ልጠብቅ አልኩና መጠበቅ ሰለቸኝ። ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄጄ ካርድ ገዛሁ፣ ያ ሥዕል ያለበትን፣ የሚዘጋ የለውም። ባትፈልግም ዓይኗ ያርፍበታል። እሷ ከማንበቧ በፊት እዚህ ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ታነበዋለች፣ የባቡሩ ሰዎች ያነቡታል፣ ሜርተን ያለው ፖስተኛ ያነበውና ሳይመሽ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ይስሙት። ያልኩት ይሄ ነው፦

«ሁልዳ፣ አባታችንን ዋሸሁት። ለራሴ ብዬ ነው። ኦቶ።»

ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ቴምብሩን እየለጠፈች አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

«ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለው እኮ አቶ ብሬመር» አለችኝ።

ይብቃው አልኳት።

ኦቶ ብሬመር